የሕፃናት የቶንሲልና የአዴኖይድ ሕመም፡ ሕክምናው፣ መዘዙና የመከላከያ መንገዱ

ወላጆችን ከሕፃናት ጋር ወደ ጤና ተቋማት ደጋግመው ከሚያመላልሱ ሕመሞች መካከል የቶንሲልና የአዴኖይድ ሕመም ተጠቃሽ ናቸው። ሕመሙ በአብዛኛው በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚድን ቢሆንም፣ አንዱ ዓይነት በወቅቱና በአግባቡ ካልታከመ በልብ ላይ ዘላቂ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።

ጉሮሮአቸውን ከሚታመሙ ሕፃናት አብዛኞቹ ከዕረፍት፣ ከፈሳሽና ከትኩሳት ማስታገሻ ያለፈ ሕክምና አያስፈልጋቸውም። የተወሰኑት የፔኒሲሊን ሕክምና ሊያገኙ ይገባል። ቀዶ ሕክምና የሚያሻቸው ጥቂቶች ሲሆኑ፣ ይህም የሚከናወነው በሆስፒታልና በአንገት በላይ ሐኪም ነው። በቤት ውስጥ በምላጭ ወይም በጥፍር የሚፈጸመው የእንጥል መቁረጥና የቶንሲል መቧጠጥ ልማድ ግን ለየትኛውም ሕፃን መፍትሔ ሆኖ አያውቅም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሕፃኑ የትኛውን ሕክምና ማግኘት እንዳለበት፣ ለዚህም ከወላጅ፣ ከትምህርት ቤትና ከጤና ተቋም ምን እንደሚጠበቅ ማብራራት ነው።

የቶንሲልና የአዴኖይድ ምንነት

ቶንሲሎች በጉሮሮ ግራና ቀኝ፣ ከምላስ ሥር ከፍ ብለው የሚታዩ ሁለት ሥጋ መሰል አካላት ናቸው። አዴኖይድ ደግሞ ከአፍንጫ በስተጀርባ፣ ከላንቃ በላይ ስለሚገኝ አፍ ተከፍቶ በዓይን ሊታይ አይችልም። አዴኖይድ በሕክምናው ዓለም በውል የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1868 የዴንማርኩ ሐኪም ቪልሄልም ማየር በኮፐንሃገን ስለ ሕመሙና ስለ ሕክምናው ጽፎ ካሳወቀ በኋላ ነው።

ሁለቱም አካላት የሰውነት የበሽታ መከላከያ ሥርዓት ክፍሎች ሲሆኑ፣ በአፍና በአፍንጫ የሚገቡ ተሕዋስያንን ለይተው ሰውነት እንዲከላከል ያግዛሉ። በሕፃንነት ዕድሜ ተግባራቸው ከፍተኛ በመሆኑ መጠናቸውም ይጨምራል። አዴኖይድ በተለይ ከ3 እስከ 7 ዓመት ባለው ዕድሜ ጎልቶ ይታያል፤ ልጁ ወደ ጉርምስና ሲደርስ ደግሞ እየኮሰመነ ይሄዳል። በመሆኑም የቶንሲል ትልቅ ሆኖ መታየት ብቻውን በሽታ አይደለም፤ ሕፃኑ ያለ ችግር የሚተነፍስ፣ የሚውጥና የሚተኛ ከሆነ ሕክምና አያስፈልገውም።

እንጥል ከላንቃው መሐል ወደ ታች የተንጠለጠለ ሌላ አካል ነው። በልማድ ቶንሲልና እንጥል እንደ አንድ ነገር ሲታዩ ቢቆይም፣ ሁለቱ በቦታም በተግባርም የተለያዩ ናቸው። እንጥል በንግግርና በመዋጥ ጊዜ ያግዛል፤ ትኩሳትን ወይም ሳልን የሚያመጣ አካልም አይደለም።

መንስኤውና ምልክቶቹ

አብዛኛውን የሕፃናት የጉሮሮ ሕመም የሚያስከትሉት ቫይረሶች ናቸው። በቫይረስ የመጣ ሕመም በአብዛኛው ከንፍጥ፣ ከሳል፣ ከድምፅ መጎርነን ወይም ከዓይን መቅላት ጋር ይታያል፤ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትም አይፈውሰውም።

በሕፃናት ላይ ከሚታየው የጉሮሮ ሕመም ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነውን የሚያስከትለው ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ነው። ይህ ባክቴሪያ በይበልጥ የሚያጠቃው ከ5 እስከ 15 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ልጆች ነው፤ ከ3 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ እምብዛም አይታይም። በሳልና በማስነጠስ፣ በተለይም ብዙ ሰው በተጨናነቀበት ቤትና መማሪያ ክፍል በቀላሉ ይተላለፋል። ምልክቶቹ በተላለፈ ከ2 እስከ 5 ቀናት ውስጥ ይታያሉ።

ባክቴሪያው መኖሩን የሚያመለክቱ ዋና ዋና ምልክቶች ድንገት የሚጀምር የጉሮሮ ሕመም፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ የቶንሲል ማበጥና በላዩ ላይ የሚታይ መግል፣ በአንገት ፊት ለፊት በኩል የሚነካና የሚያም ንፍፊት እንዲሁም የሳል አለመኖር ናቸው። ራስ ምታት፣ የሆድ ሕመምና ማስመለስም በሕፃናት ላይ ይጨመራሉ። ምልክቶቹ ብቻቸውን ማረጋገጫ ስላልሆኑ፣ ምርመራ ባለበት ተቋም ከጉሮሮ ናሙና ተወስዶ ይረጋገጣል። ምርመራ በሌለበት ደግሞ ጤና ባለሙያው የምልክቶቹን ብዛትና የሕፃኑን ዕድሜ አገናዝቦ ይወስናል።

የሚከተሉት ምልክቶች ከታዩ ሕፃኑን ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል፡-

- ለመተንፈስ መቸገር ወይም ሲተነፍስ የማፏጨት ድምፅ መሰማት፤
- ምራቁን እንኳ መዋጥ አቅቶት ለሐጩ መዝረብረብ፤
- አፉን መክፈት አለመቻል፣ የድምፁ መታፈን ወይም የአንገቱ በአንድ ወገን ማበጥ፣ ይህም በቶንሲል ዙሪያ መግል መቋጠሩን ሊያመለክት ይችላል፤
- ፈሳሽ መውሰድ ማቆም፣ ሽንት መቀነስና ከወትሮው የተለየ ድካም፤
- በጉሮሮ ውስጥ ግራጫ መልክ ያለው የተጣበቀ ሽፋን መታየት።

የመጨረሻው ምልክት ዲፍቴሪያ የተባለው ገዳይ በሽታ ሊሆን ይችላል። ይህን በሽታ የሚከላከለው ክትባት ሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ዕድሜያቸው ከሚወስዱት አምስት በሽታዎችን የሚከላከል ጥምር ክትባት ውስጥ የተካተተ ነው። ክትባቱን ማስጨረስ ራሱ የጉሮሮ በሽታን የመከላከል አንዱ መንገድ ነው።

የመድኃኒት ሕክምና

በቫይረስ ለሚመጣ የጉሮሮ ሕመም የሚሰጠው ሕክምና ማስታገሻ ነው። ሕፃኑ በቂ ፈሳሽ እንዲወስድ፣ እንዲያርፍና በክብደቱ ልክ ፓራሲታሞል እንዲያገኝ ይደረጋል። መጉመጥመጥ የሚችሉ ልጆች ለብ ባለ የጨው ውኃ ቢጉመጠመጡ ሕመሙ ይቀልላቸዋል። ሞቅ ያለ ሻይ በማርም ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ ሆኖም ዕድሜው ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ማር መስጠት አይገባም። አስፕሪን በአንዳንድ ሕፃናት ላይ አንጎልንና ጉበትን የሚጎዳ ከባድ ችግር ሊያስከትል ስለሚችል ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም።

በስትሬፕቶኮከስ ለሚመጣው ሕመም ዋናው መድኃኒት ፔኒሲሊን ነው። በሕክምና ሥራ ላይ እስከ አሁን ፔኒሲሊንን የተላመደ የዚህ ዓይነት ባክቴሪያ አልታየም። መድኃኒቱ በሁለት መንገድ ይሰጣል። የመጀመሪያው በአፍ የሚወሰድ ፔኒሲሊን ወይም አሞክሲሲሊን ሲሆን ሙሉ 10 ቀን መወሰድ አለበት። ሁለተኛው አንድ ጊዜ በጡንቻ የሚሰጥ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ነው፤ መጠኑም ክብደቱ ከ27 ኪሎ ግራም በታች ለሆነ ልጅ 600 ሺህ ዩኒት፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ደግሞ 1 ነጥብ 2 ሚሊዮን ዩኒት ነው። መርፌው ሕክምናው እንዳይቋረጥ ስለሚያደርግ ተመላልሶ መታየት ለሚያስቸግራቸው ቤተሰቦች አመቺ ነው። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሕፃን ካለ ወላጅ አስቀድሞ ለባለሙያው መንገር ይኖርበታል።

በሕክምናው ሂደት ደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች አሉ። ትኩሳቱ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ስለሚበርድ ብዙዎች መድኃኒቱን ያቋርጣሉ። ከቀደመ ሕመም የተረፈ እንክብል ለሌላ ልጅ ይሰጣል። ያለ ማዘዣ የተገዛ ቴትራሳይክሊን ወይም ኮትሪሞክሳዞል ይወሰዳል፤ እነዚህ ግን ባክቴሪያውን ከጉሮሮ በአስተማማኝ ሁኔታ አያጠፉትም። በሦስቱም ሁኔታዎች ሕፃኑ የዳነ ቢመስልም ባክቴሪያው በጉሮሮው ሊቆይ ይችላል።

ከጉሮሮ ወደ ልብ

የጉሮሮ ሕመሙ ካለፈ ከ2 እስከ 3 ሳምንታት በኋላ፣ ባክቴሪያውን ለመከላከል የተዘጋጀው የሰውነት ኃይል በስሕተት የራሱን የሰውነት ክፍሎች ሊያጠቃ ይችላል። ይህ ሕመም የሩማቲክ ትኩሳት ይባላል። ምልክቶቹም ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዘዋወር እብጠትና ቁርጥማት፣ ትኩሳት፣ የልብ ትርታ መፍጠን፣ የትንፋሽ ማጠርና አንዳንድ ጊዜም ከቁጥጥር ውጭ የሆነ የእጅና የፊት እንቅስቃሴ ናቸው።

ባልታከመ የስትሬፕቶኮከስ የጉሮሮ ሕመም የሩማቲክ ትኩሳት የሚከሰተው ከ0 ነጥብ 3 እስከ 3 በመቶ በሚሆኑት ላይ ነው። ቁጥሩ ሲታይ አነስተኛ ይመስላል። ይሁን እንጂ የጉሮሮ ሕመም በየቤቱ የሚታይ በመሆኑና አንድ ጊዜ በሩማቲክ ትኩሳት የተያዘ ልጅ ተመልሶ የመያዝ ዕድሉ ከፍተኛ ስለሆነ፣ የጉዳቱ ድምር ከባድ ነው። መገጣጠሚያው ያለ ጠባሳ ሲድን የልብ ቫልቮች ግን ጠባሳ ይዘው ይቀራሉ። በየጊዜው በሚደጋገም ጥቃት ቫልቮቹ ይጠባሉ ወይም መግጠም ያቅታቸዋል፤ በመጨረሻም ልብ ይደክማል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በዓለም ላይ ወደ 55 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በሩማቲክ የልብ ሕመም የተያዙ ሲሆን፣ በየዓመቱም ወደ 360 ሺህ የሚደርሱ ሰዎች በዚሁ ሕመም ሕይወታቸውን ያጣሉ። ሸክሙ የሚበረታው ኢትዮጵያን ጨምሮ አነስተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሀገሮች ነው። የተጎዳ ቫልቭን በቀዶ ሕክምና መጠገን ወይም መተካት የሚቻል ቢሆንም፣ አገልግሎቱ የሚሰጠው በጥቂት ተቋማት ነው። ከእነዚህም አንዱ እ.ኤ.አ. በ2009 በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ሥራ የጀመረው የልብ ሕክምና ማዕከል ሲሆን፣ ተራ የሚጠብቁ ሕሙማን ብዙዎች ናቸው።

ይህን ሁሉ ሰንሰለት ከመነሻው መበጠስ እንደሚቻል ከታወቀ ከ70 ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1950 በአሜሪካ ዋዮሚንግ ግዛት በሚገኘው የፍራንሲስ ዋረን የአየር ኃይል ሰፈር የተካሄደው ጥናት የጉሮሮ ሕመምን በፔኒሲሊን ማከም የሩማቲክ ትኩሳትን እንደሚከላከል አሳይቷል። ሕክምናው ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀናት ውስጥ ከተሰጠ ልብን ይታደጋል። ስለሆነም ሕፃኑን እስከ ሁለተኛው ቀን ድረስ በቤት መከታተል የሚቻል ቢሆንም፣ ሳምንት ማሳለፍ ግን አደገኛ ነው።

አንድ ጊዜ የሩማቲክ ትኩሳት የያዘው ልጅ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መከላከያ መርፌ ይወስዳል። ልቡ ያልተነካ ልጅ ቢያንስ ለ5 ዓመት ወይም 21 ዓመት እስኪሞላው፣ ከሁለቱ ረዘም ያለውን ጊዜ ይወስዳል። ቫልቩ የተጎዳ ደግሞ እስከ 40 ዓመት ዕድሜና ከዚያም በላይ ሊቀጥል ይችላል። በከባድ ደረጃ የልብ ድካም ላይ ለሚገኙ ሕሙማን የትኛው ዓይነት መድኃኒት እንደሚስማማ የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

እንጥል መቁረጥና ቶንሲል መቧጠጥ

በሀገራችን በበርካታ አካባቢዎች ሕፃን ሲያስለው፣ ጡት አልይዝ ሲል ወይም ሲያስመልሰው «እንጥሉ ወረደ» ተብሎ በልማድ እንዲቆረጥ ይደረጋል። እንጥል አብጦ ጉሮሮ ይዘጋል፣ ሕፃኑንም ይገድላል የሚል ሥጋት የልማዱ መሠረት ነው። ቶንሲልም በጥፍር ወይም በባዕድ ነገር እየተቧጠጠ መግሉ እንዲወጣ ይደረጋል። ወላጆች ይህን የሚያስደርጉት ልጃቸውን ለማዳን ካላቸው ፍላጎት እንጂ ከክፋት አለመሆኑን ማንኛውም የማስተማር ሥራ ሊዘነጋው አይገባም።

ድርጊቱ የሚያስከትለው ጉዳት ግን ግልጽ ነው። በጉሮሮ አካባቢ ብዙ ደም ሥሮች ስላሉ የሕፃኑ ደም በፍጥነት ሊፈስ ይችላል፤ ጥቂት ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሕፃን ደግሞ ትንሽ የሚመስል ደም መጠኑ ብዙ ነው። በአንድ ምላጭ ከአንድ በላይ ሕፃናትን መቁረጥ የኤች አይ ቪንና የጉበት ቫይረስን ያስተላልፋል። ቁስሉ ሲመረዝ የደም መመረዝና የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ይከተላል። ደምና መግል ወደ ሳንባ ሊወርድም ይችላል። ከዚህ ሁሉ በላይ ባክቴሪያው በመቧጠጥ ስለማይጠፋ፣ ወላጅ ልጁ ታከመ ብሎ ሲያምን የፔኒሲሊኑ 9 ቀን ያልፋል። ሳልና ትኩሳቱ ከሳንባ ምች የመጣ በሆነ ጊዜም ሕፃኑ ሊድንበት የሚችልበት ሰዓት ይባክናል።

ልማዱን ለማስወገድ የተጀመረው የተደራጀ እንቅስቃሴ እ.ኤ.አ. በ1987 ከተመሠረተው የጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ብሔራዊ ኮሚቴ ጋር የተያያዘ ነው። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 561 ሞት የሚያስከትሉ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን ሲዘረዝር የሕፃን እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ ማውለቅን ለይቶ ይጠቅሳል። አንቀጽ 562 ደግሞ በእነዚህ ድርጊቶች የሚደርሰውን የአካል ጉዳት ይመለከታል። በመሆኑም ድርጊቱ በጤና ረገድ ብቻ ሳይሆን በሕግም የሚያስጠይቅ ነው።

የአዴኖይድ ማበጥና የሚያስከትለው ችግር

አዴኖይድ ሲያብጥ የአፍንጫውን የኋላ መተላለፊያ ያጠባል። በዚህም የተነሳ ሕፃኑ ቀንም ሌሊትም በአፉ ይተነፍሳል፣ አፍንጫው እንደታፈነ ሆኖ ይናገራል፣ ሲተኛም ያንኮራፋል። ቶንሲሎቹም አብረው ካበጡ ትንፋሹ በእንቅልፍ መካከል ለሴኮንዶች ቆም ብሎ በማቃሰት ወይም በመደንገጥ ይመለሳል። ይህ የእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ ከ1 እስከ 5 በመቶ በሚሆኑ ሕፃናት ላይ ይታያል።

እንዲህ ያለው ልጅ ሌሊቱን በቂ እንቅልፍ ስለማያገኝ ቀን ይነጫነጫል፣ ትኩረቱ ይበታተናል ወይም ያለ ዕረፍት ይቅበጠበጣል። ቀደም ሲል የተወው ልጅ እንደገና አልጋ ላይ መሽናት ሊጀምር ይችላል። ሕመሙ ከበረታ ዕድገቱን ይገታል፣ ልብንና ሳንባንም ያስጨንቃል።

ሌላው ችግር የመስማት መቀነስ ነው። ጆሮን ከአፍንጫ የኋላ ክፍል ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ቱቦ መውጫ ከአዴኖይድ ጎን ስለሚገኝ፣ እብጠቱ ሲዘጋው በመካከለኛው ጆሮ ፈሳሽ ይጠራቀማል። ይህ ፈሳሽ ብዙ ጊዜ ስለማያም ማንም ሳያውቀው ወራት ይቆያል። ልጁ ሲጠሩት አይሰማም፣ የቴሌቪዥን ድምፅ ከፍ ያደርጋል፣ በክፍል ውስጥ ጥያቄ ሲደገምለት ብቻ ይመልሳል። እንዲህ ያለውን ልጅ ሰነፍ ወይም እምቢተኛ ነው ከማለት በፊት ጆሮውንና አፍንጫውን ማስመርመር ይገባል።

ምርመራው በቀጭን የአፍንጫ መመልከቻ ወይም በአንገት የጎን ራጅ ይከናወናል። የአፍንጫ አለርጂ ላለበት ሕፃን ሐኪም የሚያዘው በአፍንጫ የሚረጭ መድኃኒት እብጠቱን ሊቀንሰው ይችላል። በጆሮ ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽም ብዙውን ጊዜ በራሱ ስለሚጠፋ፣ በአመዛኙ ለ3 ወር ክትትል ተደርጎ ካልተሻለ ወደ ቀጣዩ ሕክምና ይታለፋል።

ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው መቼ ነው

ቶንሲልን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ጥንታዊ ሲሆን፣ ሮማዊው ጸሐፊ ኬልሱስ በ1ኛው ክፍለ ዘመን ስለ አሠራሩ ጽፏል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በአውሮፓና በአሜሪካ ለበርካታ ሕፃናት ያለ በቂ ምክንያት ሲደረግ ቆይቶ፣ የኋላ ኋላ ጥናት ጥብቅ መመዘኛ አስቀምጦለታል።

ለሚደጋገም የጉሮሮ ሕመም ዛሬ በስፋት የሚሠራበት መመዘኛ በአሜሪካ ፒትስበርግ በጃክ ፓራዳይዝና ባልደረቦቹ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1984 ከታተመው ጥናት የተወሰደ ነው። በዚህም መሠረት ሕፃኑ በአንድ ዓመት 7 ጊዜ፣ ወይም ለሁለት ተከታታይ ዓመታት በየዓመቱ 5 ጊዜ፣ ወይም ለሦስት ተከታታይ ዓመታት በየዓመቱ 3 ጊዜ የታመመ መሆን አለበት። እያንዳንዱ ሕመም በጤና ተቋም የተመዘገበና ትኩሳት፣ የአንገት ንፍፊት፣ የቶንሲል መግል ወይም የባክቴሪያ ማረጋገጫ የታየበት ሊሆን ይገባል። ጥናቱ ቀዶ ሕክምናው በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት የሕመሙን መመላለስ እንደሚቀንስ ያሳየ ሲሆን፣ ያልተቆረጠላቸው ሕፃናትም ብዙዎቹ በራሳቸው እየተሻላቸው መሄዳቸውን አመልክቷል። ከዚህ መመዘኛ በታች ላሉ ሕፃናት የሚመከረው ክትትል ነው። ስለዚህም በየጊዜው የሚሰጥ የሕክምና ካርድ መጠበቅ ቀላል የማይባል ጥቅም አለው፤ ያለ መዝገብ ሐኪሙ በትክክል ሊወስን አይችልም።

ሁለተኛው ዋና ምክንያት የእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የታተመና ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 9 ዓመት የሆኑ 464 ሕፃናትን ያካተተ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ7 ወር በኋላ የእንቅልፍ ትንፋሻቸው ወደ ጤናማ ሁኔታ የተመለሰው ቶንሲላቸውና አዴኖይዳቸው ከወጣላቸው 79 በመቶ፣ በክትትል ብቻ ከቆዩት ደግሞ 46 በመቶ ናቸው። ጠባያቸውና የኑሮ ሁኔታቸውም ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው በይበልጥ ተሻሽሏል። በሌላ በኩል ግማሽ ያህሉ ያለ ቀዶ ሕክምና መሻላቸው፣ ሕመሙ መለስተኛ በሆነ ጊዜ መታገሥ እንደሚቻል ያስረዳል።

ከእነዚህ ሌላ በቶንሲል ዙሪያ ተደጋግሞ የሚቋጠር መግል፣ መዋጥን የሚከለክል እብጠት፣ ወይም ከዕጢ በሽታ ጋር ሊያያዝ የሚችል የአንድ ወገን ብቻ ማበጥ ቀዶ ሕክምናን ሊያስወስን ይችላል።

ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ

ቀዶ ሕክምናው በሙሉ ማደንዘዣ ይከናወናል። ከዚያ በፊት ሐኪሙ ሕፃኑ የደም ማነስና ደም ያለመርጋት ችግር እንደሌለበት ያጣራል፤ በቤተሰብ ውስጥ ቶሎ የማይቆም የደም መፍሰስ ታይቶ ከሆነም ወላጅ ሊያሳውቀው ይገባል። አዴኖይድ ከመውጣቱ በፊት ላንቃው በጥንቃቄ ይመረመራል፤ ሥውር የላንቃ ክፍተት ያለበት ልጅ አዴኖይዱ ሲወጣ ድምፁ በአፍንጫው ሊያልፍበት ይችላልና። ሕፃኑ ማደንዘዣ ከመወሰዱ በፊት ለ6 ሰዓታት ጠጣር ምግብ እንዳይበላ ይደረጋል።

ቶንሲሉ በወጣበት ስፍራ ነጭ ሽፋን መታየቱ የመዳን ሂደት እንጂ መግል አይደለም። ሕመሙ እስከ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል ሕፃኑ ፈሳሽና ለስላሳ ምግብ ደጋግሞ እንዲወስድ ያስፈልጋል። አሳሳቢው የደም መፍሰስ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ወይም ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ ሊከሰት ይችላል። ትኩስ ደም ከአፍ ከታየ ወይም ሕፃኑ ደጋግሞ ሲውጥና ደም ሲያስመልስ ከታየ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መሄድ ግዴታ ነው። ከሆስፒታል ርቆ የሚኖር ቤተሰብ እነዚህን ቀናት በአቅራቢያ ቢያሳልፍ ይመረጣል።

ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ልዩ ትኩረት የሚሻ ጉዳይ የሕመም ማስታገሻው ዓይነት ነው። ኮዴይን የተባለው መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ወደ ሞርፊን የሚለወጥ ሲሆን፣ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ይህ ለውጥ እጅግ ፈጣን በመሆኑ ትንፋሽን እስከ ማቆም ሊያደርስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን መካከል 29 በመቶ የሚሆኑት ለዚህ ፈጣን ለውጥ ምክንያት የሆነው የዘር ውርስ እንዳላቸው አመልክቷል፤ ይህም በአውሮፓውያን ዘንድ ከሚታየው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ቶንሲል ወይም አዴኖይድ ለወጣላቸው ሕፃናት ኮዴይን እንዳይሰጥ እ.ኤ.አ. በ2013 አግዷል። በሀገር ውስጥም ሆነ በውጭ የሚኖሩ ወላጆች በዚህ ፈንታ በሐኪም በሚታዘዝ መጠን ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን መጠቀም ይኖርባቸዋል።

የሌሎች ሀገሮች ልምድና የአዲስ አበባው መግለጫ

የጉሮሮ ሕመምን በወቅቱ በማከም የልብ ሕመምን መግታት የሚቻለው በበለጸጉ ሀገሮች ብቻ እንዳልሆነ የሁለት ሀገሮች ልምድ ያረጋግጣል። ኮስታ ሪካ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የላቦራቶሪ ውጤት ሳይጠበቅ በምልክት የተለየን የጉሮሮ ሕመም በአንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ማከምን በመላ ሀገሪቱ በማስፋፋቷ የሩማቲክ ትኩሳት በከፍተኛ ደረጃ ቀንሷል። በኩባ ፒናር ዴል ሪዮ ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1996 በተካሄደው ፕሮግራም ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 25 ዓመት ከሆኑት መካከል በሩማቲክ ትኩሳት የሚያዙት ከ100 ሺህ 18 ነጥብ 6 ወደ 2 ነጥብ 5 ወርደዋል። የተደረገው ሕዝቡን፣ መምህራንንና የጤና ባለሙያዎችን ማስተማር፣ ሕሙማንን መመዝገብና መርፌውን ሳይቋረጥ ማቅረብ ነው።

በአፍሪካ ደረጃም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2015 በአዲስ አበባ በአፍሪካ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤት የተሰበሰቡ ባለሙያዎች የአዲስ አበባ መግለጫ በመባል የሚታወቀውን ሰነድ አዘጋጅተዋል። ሰነዱ ከዘረዘራቸው 7 ተግባራት መካከል የሕሙማን መዝገብ ማቋቋም፣ ጥራት ያለው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ሳይቋረጥ ማቅረብና የምርመራና የሕክምና አቅምን ወደ ወረዳ ደረጃ ማውረድ ይገኙበታል። የዓለም ጤና ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ሩማቲክ ትኩሳትና የልብ ሕመም የውሳኔ ሐሳብ አጽድቋል።

ከየአካሉ የሚጠበቀው ተግባር

በታችኛው እርከን የሚገኝ ጤና ጣቢያ በዚህ ረገድ የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ አይደለም። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በመጋዘን መኖሩ፣ መርፌውን የሚሰጥ ባለሙያ የአለርጂ አደጋ ሲያጋጥም የሚያክምበት አድሬናሊን በአጠገቡ መገኘቱ፣ እንዲሁም በየወሩ መርፌ የሚወስዱ ልጆች ስም በመዝገብ ተይዞ የቀሩት መፈለጋቸው ዋና ዋናዎቹ ናቸው። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች የመድኃኒት ጥያቄያቸውን ሲያዘጋጁ ይህን መርፌ ከማይቋረጡ መድኃኒቶች ተርታ ሊያስቀምጡት ይገባል።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በቤት ለቤት ጉብኝታቸው እንጥል መቁረጥ ጎጂ መሆኑን ከመንገር ጋር፣ ወላጅ በምትኩ ወዴት መሄድ እንዳለበትና በስንት ቀን ውስጥ መድረስ እንደሚገባው ጭምር ሊያስረዱ ይገባል። የሃይማኖት አባቶች፣ የዕድርና የቀበሌ መሪዎች እንዲሁም ልማዱን ይፈጽሙ የነበሩ ሰዎች ራሳቸው ቢሳተፉ ትምህርቱ ይበልጥ ተሰሚነት ያገኛል። ርእሳነ መምህራን በአንድ ክፍል ውስጥ በርከት ያሉ ተማሪዎች በአንድ ሰሞን ጉሮሮአቸውን ሲታመሙ ለጤና ጣቢያው ማሳወቅ፣ መምህራንም የማይሰማ ወይም በክፍል የሚያንቀላፋ ተማሪ ሲያጋጥማቸው ለወላጅ መንገር ይችላሉ። የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች በበኩላቸው፣ የታመመ ልጅ ያለው ሠራተኛ ልጁን በወቅቱ እንዲያሳክም ጥቂት ሰዓት ቢፈቅዱለት፣ ኋላ ለዓመታት የሚዘልቅ የልብ ሕክምና ምልልስን ያስቀራሉ።

የአንድ ሕፃን የጉሮሮ ሕመም ልብ ላይ ሳይደርስ የሚቆመው በእነዚህ የመጀመሪያ ቀናት ውስጥ ነው። የሚያስፈልገውም ወላጅ ልጁን ይዞ በሰዓቱ መድረሱና በጤና ጣቢያው መድኃኒቱን ማግኘቱ ነው።